የፋሲል ፈረስ



«ስለ ቪዛ ንገረን» ብላችሁ ስትጠሩኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ ቆሜ ስለ ቪዛ ላስተምር? ልጁን ጂዳ ወይም ቤይሩት ያልላከ፣ ከወንድሙ የጥሪ ደብዳቤ ያልተጠባበቀ፣ ለኢምባሲ ቀጠሮ ሌሊት ተነሥቶ የአባይን በረሃ ያልወረደ ቤተሰብ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቢቆጠር ስንት ይሆናል? ስለዚህ የምታውቁትን አልደግምላችሁም። የሥራውንና የትምህርቱን ቪዛ ሌላ ሰው ይናገርበት። እኔ የማነሣው ከሁሉ ቀላል የሚመስለውን፣ አገር አይቶ ለመመለስ የሚጠየቀውን የአጭር ጊዜ የቱሪስት ቪዛ ነው። ያውም ጠያቂው በሰው አገር ሲኖር።

እንዲህ ያለው ሰው ሦስት አገር አለበት። የተወለደበት፣ የሚኖርበትና ሊያየው የሚመኘው። እኔ ዱባይ በሒሳብ ሠራተኝነት ስኖር በእነዚህ ሦስቱ መካከል ስንከራተት ከርሜአለሁ። ከራሴ በፊት ግን አንድ ሌላ እንግዳ ላንሣ፤ ነገሩ የሆነው እዚሁ ጎጃም ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 በምጽዋ ገብቶ በማግሥቱ ዓመት ጎንደር ደረሰ። በንጉሡ በዳግማዊ ተክለ ሃይማኖትና መንግሥቱን በእጁ በያዘው በራስ ሚካኤል ስሑል ዘንድ ሞገስ አገኘ፤ የቤተ መንግሥት ባለሟል ሆነ። በዛሬ አነጋገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋ ነው ማለት ይቻላል። ሐሳቡ ግን አንድ ነበር። ሰከላ ወርዶ የግሽ ዓባይን ምንጭ ማየት። የንጉሡ ፈቃድ በእጁ ነበር፤ እንዲያውም ንጉሡ ግሽን ራሷን ሰጥቶት ነበር። ይሁንና የጎንደር ፈቃድ ዳሞት ላይ አይሠራም። ዳሞት የፋሲል ነው። የጎንደርን ግንብ የሠራውን ፋሲለደስን አላልሁም፤ እሱ በዚያን ጊዜ ከሞተ መቶ ዓመት አልፎታል። ከራስ ሚካኤል ጋር ጦር የተማዘዘውን የዳሞቱን ገዥ ፋሲልን ነው።

ብሩስ ፋሲልን መንገድ ላይ አግኝቶ ለመነው። ፋሲል መጀመሪያ አፌዘበት፤ ተነጋገሩ፣ ተቆጣጡ፣ በኋላም ታረቁ። ሲሸኘው ደብዳቤ አልጻፈለትም፤ ማኅተም የተመታበት ነገርም አልሰጠውም። የሰጠው ኮርቻና ልጓም የተጫነ የራሱን ፈረስ ነው። «አትቀመጥበት፤ እንደ ተጫነ ከፊት ከፊትህ ይነዳ፤ ይህን ፈረስ ያየ የሜጫ ሰው አይነካህም» ዐይነት ትእዛዝም ጨመረበት፤ ብሩስ ራሱ በጉዞ መጽሐፉ የተረከው ነው። ፈረሱን እያስነዳም ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ደረሰ። (ምንጩን ከእሱ 152 ዓመት ቀድሞ ፔድሮ ፓኤዝ አይቶታል። ብሩስ ይህን ሊቀበል አልወደደም፤ ቱሪስት ሁልጊዜ እኔ የመጀመሪያው ነኝ ይላል።)

የቱሪስት ቪዛ ምን እንደ ሆነ ከዚህ ፈረስ የተሻለ የሚያስረዳልኝ አላገኘሁም። ፈረሱ ለብሩስ መጓጓዣ አልነበረም፤ እንዳይቀመጥበት ተከልክሏል። ፈረሱ ዋስ ነበር። ጎጃም ደግሞ ዋስ ምን እንደ ሆነ አስተማሪ አያስፈልገውም። ተከሳሽ ዳኛ ፊት ሲቆም «ዋስ ጥራ» ይባላል። ዳኛው በዚያ ሰዓት ስለ ጥፋቱ እየጠየቀ አይደለም፤ ሲጠራ መምጣቱን የሚያረጋግጥለት ሰው ነው የሚፈልገው። ቆንስሉም እንዲሁ ነው። ሀብታም ነህ ወይ፣ ጨዋ ነህ ወይ የሚል ይመስላል እንጂ ልቡ ያለው ቀኑ ሲያልቅ ትመለሳለህ ወይ የሚለው ላይ ነው።

የኛ ነገሥታት ጭንቀታቸው ሌላ ነበር። እንግዳ መግባቱ ሳይሆን መውጣቱ ነበር የሚከብዳቸው። ፔሮ ዳ ኮቪልያ የተባለው የፖርቱጋል መልእክተኛ እ.ኤ.አ. በ1490ዎቹ መጥቶ መውጫ ፈቃድ ሳያገኝ ቀረ፤ በ1520 የአገሩ ሰዎች ሲመጡ ሚስት አግብቶ፣ ርስት ይዞ፣ ወልዶ አገኙት። ብሩስም ከጎንደር የወጣው በ1771 ማለቂያ፣ ብዙ ደጅ ጠንቶ ነው። ዛሬ ሳዑዲ ያለ ልጃችሁ ለዕረፍት ሲመጣ ከዚያ አገር ለመውጣትም ተመልሶ ለመግባትም ቪዛ ማስመታቱ እንግዳ ነገር አይሁንባችሁ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። አንድ የአውሮፓ ከተማ ለማየት ተመኘሁ። የከተማዋን ስም ልተወው፤ እሱን ከጠራሁ ቆንስላው ይታወቃል። አሥር ቀን ፈቃድ ወሰድሁ። ዱባይ ያለን ሐበሾች የምንመካከረው ብዙ ነው፤ ምክሩም ሁሉ የሚያበቃው ባንክ ላይ ነው። «አካውንትህን አሳብጠው» አሉኝ። ሦስት ጓደኞቼ ገንዘብ አዋጡልኝ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ደመወዜን አራት እጥፍ የሚሆን ገንዘብ ገባ። ስቴትመንቱን አተምሁ፤ ደስ የሚል ወረቀት ሆነ። ቲኬቱን ደግሞ በብልሃት ቆረጥሁ ብዬ ከዱባይ ወደ አውሮፓ፣ ከአውሮፓ ወደ አዲስ አበባ አደረግሁት፤ ስመለስ እግረ መንገዴን እናቴን ላይ፣ ከዚያ ወደ ሥራዬ።

መስኮቱ ላይ የነበረችው ሴት ቲኬቱን አየች፣ ፓስፖርቴን አየች፣ የመኖሪያ ፈቃዴን አየች። «የምትኖረው እዚህ ነው፤ የምትመለሰው ለምን እዚያ ሆነ?» አለችኝ። «እናቴ ናታ» አልሁ። ይህ መልስ ደብረ ማርቆስ ላይ ምን ያህል ሙሉ መልስ እንደ ሆነ አስቡት! እሷ ግን ጻፈችና አለፈች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፓስፖርቴ ከአንድ ወረቀት ጋር መጣ። ወረቀቱ የታተመ ዝርዝር አለው፤ አንዱ ሳጥን ላይ ምልክት ተደርጓል። ትርጉሙ ቪዛው ሳያልቅ ከአገራችን ለመውጣት ያለህን ሐሳብ እንጠራጠራለን ነው።

ለሳምንታት ተናደድሁ። ዘረኞች ናቸው አልሁ። ዛሬም ነገሩ ፍትሕ አለበት አልልም፤ ግን በዚያ ቀን የሠራሁትን ሳየው ዋስ ጥራ ስባል ውሰት ይዤ ነበር የቀረብሁት። የጓደኞቼ ገንዘብ የኔ አልነበረም፤ በአንድ ሳምንት እንደ ገባ በአንድ ሳምንት እንደሚወጣ ስቴትመንት ማንበብ የለመደ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። እኔ ራሴ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ እንዲያ ያለ መዝገብ ሠራተኛዬ ቢያመጣልኝ እቀበል ነበር? ቲኬቱ ደግሞ ከገንዘቡ የባሰ ነው። በአንድ ቪዛ የሚያስገቡት የአውሮፓ አገሮች የሼንገን ሕግ ማመልከቻህን በሕጋዊነት በምትኖርበት አገር አስገባ ይላል። ዱባይ ያስገባሁት ዱባይ ነዋሪ ስለ ሆንሁ ነው፤ ቲኬቴ ግን አይ፣ ቤቴ ሌላ ነው እያለ ይመሰክርብኛል። ከሦስቱ አገሮች አንዱን መመለሻዬ ነው ብዬ መቁረጥ ነበረብኝ፤ ልቤ ያለበትን ሳይሆን ወረቀቴ ያለበትን።

ይህ ለኛ ሰው ከባድ ነው። ሃያ ዓመት ውጭ የኖረ ሰው «አገር ቤት መቼ ትገባለህ?» ሲባል የሚጠቁመው ወደዚህ ነው። የቆንስሉ ጥያቄ ግን ስለ አገር ቤት አይደለም። ኪራይ የምትከፍልበት፣ ሰኞ ጠዋት የምትጠበቅበት ቦታ የት ነው ነው።

በሁለተኛው ጊዜ ስድስት ወር ዝም አልሁ። ደመወዜ ሲገባ፣ የቤት ኪራይ ሲወጣ፣ ለእናቴ ሲላክ፣ የተረፈችው ትንሽ ስትጠራቀም የሚያሳይ ስቴትመንት ያዝሁ፤ ቀጭን ግን የራሴ። አሠሪዬ በዓረብ አገር ኤንኦሲ የምንለውን ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ፈቃድ ወስዷል፣ በዚህ ቀን ሥራው ላይ ይጠበቃል የሚል። ይህች ደብዳቤ የፋሲል ፈረስ ናት። የመኖሪያ ፈቃዴ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት አስቀድሜ አሳደስሁ፤ ከጉዞ መልስ በኋላም ቢያንስ ሦስት ወር የሚሠራ ፈቃድ ብዙ ቆንስላዎች ይፈልጋሉና። ቲኬቱ ከዱባይ ወደ ዱባይ ሆነ። ተሰጠኝ። እናቴን ያየሁት በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ቲኬት ነው።

ወጣቶቹ እየጻፋችሁ ስለሆነ ቁጥሮቹን በፍጥነት ልንገራችሁ። ሼንገን ዛሬ 29 አገር ነው። የአጭር ጊዜው ቪዛ በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቀምጥም፤ ቀኑ የሚቆጠረው ወደ ኋላ ነው፣ በያንዳንዱ ቀን ቆማችሁ ያለፈውን 180 ቀን ታያላችሁ። ድሮ ቆጠራው በፓስፖርት ማኅተም ነበር፤ ከጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በአሻራና በፎቶ መግቢያና መውጫን የሚመዘግበው ሥርዓት ደረጃ በደረጃ ሥራ ላይ ውሏል። ማኅተሙ ደብዝዞ ነው ማለት አበቃ። ክፍያው ከሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአዋቂ ከ80 ወደ 90 ዩሮ ወጥቷል፤ ቢከለክሉም አይመለስም። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። ማመልከቻ ከጉዞ ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። ለሌላ ሰው 15 ቀን የሆነው የመደበኛ ውሳኔ ጊዜ ለኢትዮጵያዊ 45 ቀን ነው።

እዚህች ላይ ግን ልቁም። ለምን 45? ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ገደብ አወጣ። ምክንያቱ ያለ ፈቃድ አውሮፓ የተቀመጡ ዜጎቿን በመመለስ ረገድ ኢትዮጵያ በበቂ አልተባበረችም የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ የውሳኔው ጊዜ ረዘመ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ቀረ፤ የሰነድ ማቅለል ቀረ፤ የዲፕሎማት ፓስፖርት የያዘ እንኳ ክፍያውን እንዲከፍል ሆነ። እንግዲህ ልብ በሉ። ዋስትናው ከግለሰብ ወደ አገር ተሻገረ። አንድ የማታውቁት ሰው ስቶክሆልም ቀርቶ ሳይመለስ ሲገኝ፣ አገራችን እሱን አልቀበልም ስትል፣ እናንተ ለአሥር ቀን ጉብኝት 45 ቀን ትጠብቃላችሁ። በኛ ባህል አፈርሳታ የምንለው ነበር፤ ወንበዴው ካልታወቀ መንደሩ ሁሉ ተሰብስቦ ተይዞ የሚውልበት። ይኼኛው የቪዛ አፈርሳታ ነው። ባይስማማኝም የሚገባኝ እንደዚያ አድርጌ ሳስበው ነው።

ጭራሽ ወደ አውሮፓ ሳትገቡ በአየር ማረፊያቸው ብቻ ስታልፉም ጉዳይ አለ። ሁሉም የሼንገን አገሮች በጋራ የአየር ማረፊያ መሸጋገሪያ ቪዛ የሚጠይቋቸው የ12 አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ አለችበት። ፍራንክፈርት አውሮፕላን ቀይሮ ብራዚል የሚሄድ ሰው ከአየር ማረፊያው ባይወጣም ቪዛ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ ወይም የካናዳ መኖሪያ ፈቃድ ከዚህ ነፃ ያወጣል፤ የዱባይ መታወቂያ ግን አያወጣም። ርካሽ ቲኬት ብላችሁ ደስ ሲላችሁ መጀመሪያ የት እንደምታርፉ እዩ።

አሜሪካም አጥብቋል። የጎብኚ ቪዛ ክፍያው 185 ዶላር ነው። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ ለኢትዮጵያዊ የሚሰጠው በጥቅሉ ለአንድ መግቢያ፣ ለሦስት ወር የሚሠራ ሆኗል። ለዛሬው ጉዳያችን የበለጠ የሚነካን ግን ጳጉሜን 1 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ነው፦ ቃለ መጠይቃችሁን በዜግነት አገራችሁ ወይም በምትኖሩበት አገር አድርጉ። ከዚያ በፊት የአዲስ አበባው ቀጠሮ ሲርቅ ሰው ቀጠሮ ወደ ቀረበበት ሌላ አገር ይበር ነበር። ያ በር ጠበበ። ነዋሪ ነኝ የሚል ነዋሪነቱን በወረቀት ማሳየት አለበት። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ አመልካች ሁሉ እስኪያስረዳ ድረስ ሊቀር የመጣ ነው ተብሎ ይገመታል። የኛ ዳኛ ተከሳሹን ንጹሕ ነው ብሎ ይጀምራል፤ ቆንስሉ በተቃራኒው ይጀምራል። ይህን አውቆ መግባት ግማሽ ንዴት ይቀንሳል።

ከዚህ ከደብረ ማርቆስ ለምታመለክቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። የነጋዴው ስቴትመንት ላይ ያለው ብር አልተነካም፤ ቆንስሉ በዩሮ ሲያሰላው ግን ወደ ግማሽ ወርዷል። ቀጠሮ ያለው ሰው መንገድ ተዘግቶበት ደጀን ላይ ሲያድር ምን እንደሚሆን ደግሞ ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

ስለ ስም ትንሽ ልበል፤ ይህን የማነሣው በዚህ ምክንያት የተንገላታ ብዙ ሰው ስላየሁ ነው። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይላል፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ ወረቀት ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት ስም ይገባል። ዓለምፀሐይ የምትባል ልጅ በፓስፖርቷ በአንድ ፊደል፣ በመኖሪያ ፈቃዷ በሌላ ፊደል፣ በዲፕሎማዋ በሦስተኛ ትጻፋለች፤ ለቆንስሉ ሦስት ሴቶች ናት። ጳጉሜን ውስጥ የተወለደ ሰው ወሩን ከ12 ወር ዝርዝር ውስጥ ሲፈልግ ይኖራል። ጋብቻስ? እናትና አባቴ በሰማንያ ተጋብተው፣ ሽማግሌ ፈርሞ፣ አርባ ዓመት ኖረዋል፤ ሠርቲፊኬት ግን የላቸውም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ ሥራ የጀመረው በ2008 ማለቂያ ነው። ከዚያ በፊት የሆነውን ሁሉ ዛሬ ሄዶ ማስመዝገብ ይቻላልና ጉዞ ሲመጣ ሳይሆን ዛሬ አድርጉት።

ደላላ ዘንድ አትሂዱ ብዬ ረጅም ስብከት አልሰብክም። አንድ ነገር ብቻ። የሼንገን ማመልከቻ ስታስገቡ አሻራችሁና መረጃችሁ በጋራ ቋት ውስጥ አምስት ዓመት ይቀመጣል። ደላላው የሠራላችሁ የሐሰት ደብዳቤ በአንዱ አገር ከተያዘ የቀሩት ሃያ ስምንቱም ያዩታል። ደላላው ግን በዚያ ቋት ውስጥ የለም። ቪዛ የተከለከለ ሰው ደግሞ ይግባኝ የማለት መብት አለው፤ እንዴት እንደሚባል ከክልከላው ወረቀት ጋር አብሮ ይጻፋል። የኛ ሰው ወረቀቱን ቀዶ ይጥለዋል።

ይህን ሁሉ መስማት ካስመረራችሁ ሞያሌ አለላችሁ። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም።

የመጨረሻው ጉዳይ የተገላቢጦሽ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ኢትዮጵያዊ የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ ሲይዝ የኢትዮጵያን እንደተወ ይቆጥረዋል። ከዚያ ወዲያ የጎጃም ልጅ ደብረ ማርቆስ የሚገባው በቪዛ ነው። እርግጥ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚያገኙት መታወቂያ አለ፣ ሁላችንም ቢጫ ካርድ የምንለው፤ እሱን የያዘ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል። ብዙዎች ግን ዛሬ ነገ ሲሉ ሳያወጡት ይቀራሉ። ለእነሱ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በኢንተርኔት የሚጠየቀው የኤሌክትሮኒክ ቪዛ አለ። ዐይነቱም የቱሪስት ነው።

ታላቅ እኅቴ አሜሪካ ከገባች ቆይታለች፤ ቢጫ ካርድ የላትም። ባለፈው እናታችን ስትታመም በድንገት መምጣት ነበረባት፤ እኔ ዱባይ፣ እሷ አሜሪካ ሆነን በስልክ ቅጹን አብረን ሞላነው። «የምትለኝን እጽፋለሁ፤ አንተ የቪዛ ሊቅ ነህ» አለችኝ። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የፓስፖርት ቁጥር። የጉዞው ዓላማ የሚለው ላይ ስትደርስ ቆየት አለች፤ «ጉብኝት በይው» አልኋት፤ ጻፈች። ቀጥሎ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያርፉበት አድራሻ፣ የሆቴሉ ስም ይላል። ስልኩ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «እታለም?» አልሁ።

«አብማ ማርያም ጀርባ ብዬ የእማን ስም ጽፌዋለሁ» አለችኝ።